ጊት ፑል ላይ የቀየርኩት ሴቲንግ (የቲም ስራ 3ኛ ወር)

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ባለፈው ብቻዬን ከመስራት ወጥቼ ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ሪፖ (የጋራ የኮድ ማከማቻ) ላይ መስራት ጀመርኩ ብያችሁ ነበር፣ ይኸው 3ኛ ወሬን ያዝኩ። ብቻዬን እያለሁ ጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዘው ፕሮግራም) ላይ ፑል ማለት ለኔ ቤት ያለው ላፕቶፕ ላይ የሰራሁትን ማምጣት ነበር፣ ዲፎልቱ ምን እንደሆነ አይቼው አላውቅም።

ከልጆቹ ጋር በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት ፑል ስል "ኒድ ቱ ስፔሲፋይ ሃው ቱ ሪኮንሳይል ዳይቨርጀንት ብራንችስ" ብሎ ቆመ። እኔም ኮሚት አርጌያለሁ (ለውጤን መዝግቤያለሁ)፣ ሪሞቱ (ሰርቨር ላይ ያለው የጋራ ቅጂ) ላይም አዲስ ኮሚት አለ፣ እንዴት ላስታርቃቸው ነው የሚለው። በፊት ዝም ብሎ መርጅ ያደርግ (ሁለቱን ያዋህድ) ነበር፣ ከቨርዥን 2.27 (በፈረንጆቹ 2020) ጀምሮ ማስጠንቀቅ ጀመረ፣ 2.33.1 ላይ ደግሞ ካልመረጥክ አልሄድም አለ። ከስሩ ሶስት ምርጫ ያወጣል፣ ፑል ሪቤዝ ፎልስ (መርጅ አርግ)፣ ፑል ሪቤዝ ትሩ (የኔን ኮሚቶች ከሪሞቱ በላይ ደግም)፣ ፑል ኤፍኤፍ ኦንሊ (ካልተለያየን ብቻ ወደፊት ውሰደኝ)። እኔ ሂስትሪው ቀጥ ያለ ይሆናል ሲሉ ስለሰማሁ ሪቤዝ ትሩን ግሎባል (ለሁሉም ሪፖዎቼ) አርጌ አስገባሁና ረሳሁት።

ከዛ የጳጉሜው ነገር መጣ። የምንሰራው ፎርም በኛ አቆጣጠር ቀን ይቀበላል፣ መጀመሪያ ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ አርገነው ነበር፣ አብራኝ የምትሰራው ልጅ በአራት አመት አንዴ 6 እንደሚሆን ጨምራ አስተካከለችው፣ እኔ ደግሞ እዛው መስመር ላይ የስህተት መልዕክቱን ወደ አማርኛ ቀይሬ ነበር። ፑል ሳረግ ኮንፍሊክት (ሁለታችንም አንድ መስመር ስለቀየርን ጊት የቱን ልያዝ ብሎ ቆመ)። የሷ ይሻላል ብዬ አስቤ ኤዲተሩ ላይ "ኢንካሚንግ" የሚለውን ተቀበልኩ፣ ከሪሞት የመጣው እሱ ነው ብዬ ማለት ነው። ግን ሪቤዝ ላይ ተገላቢጦሽ ነው! ሪቤዝ መጀመሪያ ሪሞቱ ላይ ይቆምና የኔን ኮሚቶች አንድ በአንድ ከላዩ ይደግማቸዋል፣ ስለዚህ "ከረንት" የሚለው የሷ ነው፣ "ኢንካሚንግ" የሚለው የኔ፣ ኦወርስ (የኛ) እና ዜርስ (የነሱ) የሚሉትም እንደዛው ይገለበጣሉ። ፑሽ አረኩት (ወደ ሪሞቱ ላኩት)፣ ምንም ኤረር የለም። በማግስቱ እሷ ናት "ጳጉሜ 6 እንደገና አልገባም አለኝ" ያለችኝ፣ የኔን ኮሚት ዲፍ (የተቀየሩትን መስመሮች) ስንከፍተው የሷ መስመር በቀይ ተሰርዞ የኔዋ 5 በአረንጓዴ ገብታለች። የሷ ኮሚት ሂስትሪው ላይ ስላለ ጊት ሾው (ኮሚቱን የሚያሳይ ትዕዛዝ) ብለን መለስነው፣ ስራው 5 ደቂቃ ነው፣ እኔን ግን በጣም ነው የከበደኝ፣ የሰው ስራ ነዋ።

ከዛ በኋላ ፑል ሪቤዝን አንሴት አርጌ (አጥፍቼ) ፑል ኤፍኤፍን ኦንሊ አረኩት። አሁን የኔ ኮሚት ከሌለ ዝም ብሎ ወደፊት ይወስደኛል፣ ከተለያየን ግን እምቢ ይላል፣ እኔም የፈለኩት ያንን ነው፣ መርጅ ይሁን ሪቤዝ አይቼ በእጄ ልወስን። ፑልንም ለሁለት ከፈልኩት፣ ምክንያቱም ፑል ማለት ፌች (አዲሱን ከሪሞቱ ማውረድ) ሲደመር መርጅ ወይ ሪቤዝ ነው እንጂ አንድ ነገር አይደለም። ጠዋት ፌች አረጋለሁ፣ ፌች የኔን ፋይል አይነካም፣ ኦሪጅን ሜይን የሚባለውን (ሪሞቱ የት እንደደረሰ የሚያሳየውን) ምልክት ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ ከዛ ጊት ሎግን (የኮሚቶች ዝርዝር) ከሄድ (እኔ ካለሁበት) እስከ ኦሪጅን ሜይን ብዬ የመጣውን አነባለሁ። ኔትወርክ ለሚቆራረጥባችሁ ደግሞ ይሄ በጣም ይጠቅማል፣ መስመር ሲኖር ፌች ካረጋችሁ ማንበቡም መርጁም ሪቤዙም ያለ ኢንተርኔት ይሰራል።

ፌች ፕሩን ትሩም አስገብቻለሁ፣ ሪሞት ላይ የጠፉ ብራንቾችን (የስራ ቅርንጫፎችን) ከዝርዝሬ ያወጣልኛል፣ እሱ ቀላል ነው።

በዚ ሳምንት የጨመርኩት የመርጅ ኮንፍሊክት ስታይልን ዜድዲፍ3 ማድረግ ነው፣ ከ2.35 ጀምሮ ያለ ነው። ኮንፍሊክት ሲመጣ የሁለታችንን ብቻ ሳይሆን ሁለታችንም ከመቀየራችን በፊት የነበረውን መስመር መሃል ላይ ያሳያል። ጳጉሜ ላይ ይሄ ቢኖረኝ ኖሮ መሃል ላይ የድሮዋን 5 አይ ነበር፣ የትኛው ወገን እንደቀየራትም ወዲያው ይገባኝ ነበር።