ቦዩን ማን ይዝጋ?

እሳቱ የተነሳው የግብርና መድኃኒት ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። በጋ ነው፣ ነፋሱ አያድርስ ነው። እኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያሰብነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ወደ ጎረቤት እንዳይዛመት። የተማርነውም እሱኑ ነው። ቱቦ ዘርጋ፣ ውሃ ልቀቅ፣ አጥፋ።

እሳቱ በረድ ሲል የቦቴው ሹፌር ጮኸ። «እናንተ ልጆች፣ ውሃው ወተት መስሎ እየወረደ ነው!» እውነትም ከሱቁ የሚወጣው ውሃ ነጭ ሆኖ ቦዩን ሞልቶታል። ብዙው ፀረ ተባይ ውሃ ሲነካው እንደዚያ ነው የሚሆነው። ጎንደር ደግሞ ቁልቁለት ነች፣ የፈሰሰ ነገር ሁሉ ወንዝ ይወርዳል። ይኼኛው ቦይ ወደ ቀሃ ነው፣ በበጋ ቀጭን ወደሆነው፣ ልብስ ወደሚታጠብበት፣ ከብት ወደሚጠጣበት።

አለቃችን ተቆጣ። «እሳት ትቶ የምን ቦይ ነው?»

«ጌታዬ፣ እሳቱ ከዚህ ሱቅ አያልፍም። ይኼ ግን ያልፋል» አለው ሹፌሩ።

ይሄ ሰውዬ የመስኖ ገበሬ ልጅ ነው፣ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ልማዱ ነው። አጠገቡ እየተሠራ ካለ ቤት አሸዋ በጆንያ ሞልተን ቦዩን ዘጋነው፣ ውሃውንም ቀነስ አድርገን በብናኝ መርጨት ጀመርን። እሳቱ ጠፋ። ከመዘጋቱ በፊት ያለፈው ግን አለፈ።

ከዚያ በኋላ ሥልጠና መጣ። አሠልጣኙ እ.ኤ.አ. በ1986 ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ስለተቃጠለው የሳንዶዝ መጋዘን ነገረን። ማጥፊያው ውሃ ቶን በቶን ፀረ ተባይ ጠርጎ ራይን ወንዝ ከተተው፣ ወንዙ ቀላ፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ዓሣ አለቀ። እዚያ ላይ ክፍሉ ብዙም አልደነገጠም፣ ራይን ሩቅ ነው። «የጥምቀት ዕለት የፋሲል መዋኛ በምን ይሞላል?» ሲል ግን ዝም አልን። በቀሃ ነዋ! ከዚያ መገጭ ወንዝ፣ ከመገጭ ጣና።

ለነዳጅ እሳት የምንጠቀመው አረፋም ተነሳ። አንዳንዱ አረፋ ውስጥ ያለው ኬሚካል በቀላሉ አይበሰብስም፣ አፈርና የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አንዱ ዓይነት፣ ፒፎስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በስቶክሆልም ስምምነት የቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ለልምምድ ብሎ አረፋ መልቀቅ አያስፈልግም፣ በተራ ውሃም ይለመዳል።

ያከራከረን ሌላ ነው። ሰው ከሌለበት፣ ወደ ሌላም የማይዛመት የኬሚካል መጋዘን ከሆነ፣ አንዳንዴ እየጠበቁ እንዲቃጠል መተው ይሻላል ተባለ። ጭሱስ? ጭሱም መርዝ ነው፣ ስለዚህ ነፋሱን አይቶ መወሰን ነው። ግን የሰፈሩ ሰው ባልዲ ይዞ እየጮኸ «ተዉት ይቃጠል» የሚል አለቃ እስቲ ይምጣና ልየው።

አሁን መኪናችን ላይ አካፋና ባዶ ጆንያ አለ፣ ስምሪት ሲሰጥም ቦይ የሚያየው ሰው አብሮ ይመደባል። ያልተፈታው የታቆረው ውሃ ነው። ዘግተን አቆምነው እሺ፣ ማን ይውሰደው? ወዴትስ ይድፋው? ያኔ ስንደውል አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ መራን፣ ሌላው ደግሞ ወደ መጀመሪያው።