የዘይት ግፊት መርፌው ሲወርድ ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት

ሞተርሆማችን (እንደ ቤት የሚኖርበት ትልቅ መኪና) አሮጌ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1990ዎቹ ስሪት፣ ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ 5.9 ሊትር የካሚንስ ናፍጣ ሞተር፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የማያውቀው ባለ 12 ቫልቩ። አሪዞናን በኢንተርስቴት 10 እያቋረጥን ሳለ የዘይት ግፊት መርፌው መውረድ ጀመረ። መንገድ ላይ ሁልጊዜ 50 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ የሚቆመው መርፌ 25 ላይ ቁጭ አለ። ነዳጅ ማደያ ገብተን ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲዞር ደግሞ ጭራሽ ከ10 በታች ወረደ። ባለቤቴ ዳሽቦርዱን አየት አድርጋ «በቃ፣ እዚሁ ልናድር ነው» አለች።

ለዚህ ሞተር የተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ ይታወቃል። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲዞር 10 ፒኤስአይ፣ በሙሉ ፍጥነቱ ሲሠራ 30። መርፌው እውነቱን ከሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ዘይት በግፊት ያልደረሰው ብሮንዚን (ኮሎው የሚዞርበት ለስላሳ ብረት) ወዲያው ይበላል፣ ኮሎውንም (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሞተሩን አጠፋሁት። ጌጁ (መርፌው ያለበት መለኪያ) ይዋሽ አይዋሽ ሳይለይ «እስኪ ትንሽ ልንዳና ልየው» የሚባል ነገር የለም።

የመለኪያውን ዘንግ መዝዤ ዘይቱን አየሁ፤ ልኩ ላይ ነው። አሸተትኩት፤ ናፍጣ ናፍጣ አይልም። ይቺን ማሽተት አትናቋት። ናፍጣ ወደ ዘይቱ ሾልኮ ከገባ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ የዘይቱ መጠን ግን ጨምሮ ነው የሚታየው፣ ሰውም «ዘይትማ ሞልቷል» ብሎ ይዘናጋል። ሌላው ያስተዋልኩት ነገር የማስጠንቀቂያው መብራት ነው። መርፌው እንዲያ ወርዶ መብራቱ አልበራም። በኛ መኪና ላይ የመብራቱ ስዊችና የመርፌው ሴንደር (ሞተሩ ላይ ሆኖ ግፊቱን ለመርፌው የሚልከው) ለየብቻ ናቸው። ሁለት ምስክሮች የተለያየ ነገር ከተናገሩ አንዱ ተሳስቷል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም።

በአቅራቢያው ያለ ጋራዥ መኪናውን ሳይነካ ፈረደ። «የዘይት ፓምፕ ነው፣ ካልሆነም ብሮንዚን፤ ኦይል ፓኑ ይውረድ።» ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳ ማለታቸው ነው። የነገሩኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፣ ደሜ ይፈላል። አዲስ አበባ በጭነት መኪና ጋራዥ ዕድሜውን የፈጀ ወዳጄ ጋ ደወልኩ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «በሜካኒካል ጌጅ ለክተኸዋል?» አልለካሁም። «እንግዲያው ማንም ሰው ብሎን እንዳይፈታ» ብሎ ዘጋው።

ሜካኒካል ጌጅ ማለት ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ ዘይቱ ራሱ በቀጭን ቱቦ ገብቶ መርፌውን የሚገፋው ነው። የመኪና ዕቃ መሸጫዎች ያከራዩታል፣ ገዝቶ ማስቀመጥም ኪስ አይጎዳም። ሴንደሩን ፈትቶ በቀዳዳው ማሰር ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥርሱ የአንድ ስምንተኛ ኢንች የቧንቧ ጥርስ ነው። ሴንደሩን ስትፈቱ በቆርቆሮው ሆድ አትጠምዝዙት፣ ይበጠሳል። ቁልፍ የሚገባው ሥሩ ካለው ባለ ስድስት ጠርዝ ላይ ነው። ቱቦውም ከጭስ ማውጫውና ከቱርቦው ይራቅ፤ ትኩስ ዘይት እዚያ ላይ ከተረጨ እሳት ነው።

ሞተሩን አስነስቼ በደንብ እስኪሞቅ ጠበቅሁ። በቀዝቃዛ ዘይት የተለካ ግፊት አያስተማምንም፤ 15ደብሊው40 የሚባለው ዘይት ሲቀዘቅዝ ወፍራም ስለሆነ ያለቀ ሞተርም ጥሩ ቁጥር ያሳያል። ሲሞቅ ሜካኒካሉ በሚኒሞ 20፣ ነዳጅ ሰጥ ሲደረግ 50 አለ። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የኤሌክትሪክ ጣጣ ነው፣ ኦይል ፓን የሚያወርድ ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ሽቦው። አሜሪካ በተሠሩት ላይ የተለመደው ሴንደር ግፊት ሲያንስ ወደ 240 ኦም (ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ መለኪያ)፣ ግፊት ሲሞላ ወደ 33 ኦም የሚሄድ ነው። እንግዲህ ሽቦው ላይ ዝገት ገብቶ ትንሽ ኦም ቢጨምር ጌጁ ያንን እንደ ግፊት መውረድ ነው የሚቆጥረው። ሽቦው ጭራሽ ከተበጠሰ መርፌው ዜሮ ይላል፣ ግራውንድ (የመኪናውን ብረት) ከነካ ደግሞ እስከ ጥግ ይወጣል። የአውሮፓዎቹ ብዙዎቹ ግልባጩ ናቸው፣ ከ10 ኦም ተነስተው ወደ 180 ይወጣሉ፤ በነሱ ላይ ሽቦ ሲበጠስ ነው መርፌው ጥግ የሚገባው። የራሳችሁ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ፍተሻ ብትጀምሩ ውጤቱን ገልብጣችሁ ታነቡታላችሁ።

ሴንደሩ ላይ የሚሰካውን ሽቦ ነቅዬ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ እንደበራ፣ ጫፉን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አስነካሁት። መርፌው 80ን አልፎ ጥግ መግባት ነበረበት። ባለቤቴ ከፊት ወንበር ሆና በስልክ ትነግረኛለች። «60 ላይ ቆመ። ይንቀጠቀጣል።» በቃ፣ ሴንደሩ ነጻ ወጣ። ችግሩ ከሞተሩ እስከ ዳሽቦርዱ ባለው ሽቦ ላይ ነው።

የሞተርሆም መከራው ይሄ ነው። ሞተሩ ኋላ፣ ሾፌሩ ፊት፣ መሃል ላይ የመኪናውን ቁመት ሙሉ በሆዱ ሥር የሚሄድ ሽቦ፣ ውሃውም ጭቃውም የክረምት መንገድ ጨውም የሚመታው። ባትሪውን ነቅዬ፣ የሽቦውን ሁለት ጫፍ ፈትቼ በመልቲሜትር ለካሁ። ከ1 ኦም በታች መሆን የነበረበት ሽቦ 60 ኦም አለኝ። ሒሳቡን ሥሩት። በ50 ፒኤስአይ ሴንደሩ 80 ኦም አካባቢ ነው፣ 60 ሲጨመርበት 140 ይሆናል፣ 140 ኦም ደግሞ ለጌጁ 25 ፒኤስአይ ገደማ ነው። መንገድ ላይ ያየሁት ቁጥር ራሱ!

ሽቦውን ተከትዬ ከሥር ገባሁ። ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት አንድ መጋጠሚያ አለ፣ ላዩ በጥቁር ቴፕ የተጠቀለለ። ቴፑን ስልጠው ማጣበቂያው ቀልጦ እንደ ማር ይሳባል፣ ውስጡ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፣ በጣቴ ነካ ሳደርገው ግማሹ ክር ረገፈ። ማን እንደጠቀለለው እግዜር ይወቀው። የተበላውን ቆርጬ ጥሬ፣ በሙቀት የሚኮማተርና ውስጡ ሙጫ ያለው መጋጠሚያ አሠርኩበት። መርፌው አሁን ሜካኒካሉ ያለውን ነው የሚለው።

የእናንተ ሞተር ኮምፒውተር ያለው ከሆነ አካሄዱ ትንሽ ይለያል። ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ሽቦ ነው፤ አንዱ 5 ቮልት፣ አንዱ ግራውንድ፣ አንዱ ግፊቱን የሚናገር። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲበራ የሚናገረው ሽቦ ግማሽ ቮልት ገደማ ነው የሚያሳየው። ስካነር ሰክታችሁ ኮምፒውተሩ የሚያየውን ከዳሽቦርዱ ጋር አስተያዩ፤ ከተለያዩ ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ እስከ ዳሽቦርዱ ባለው ላይ ነው። አንዳንዱ መርፌ ደግሞ ከነጭራሹ አይለካም። ከ2003 ወዲህ ያሉትን ባለ 5.9 ካሚንስ ዶጅ ራሞች ውሰዱ። ሞተሩ ላይ ያለው ተራ ስዊች ነው፤ መርፌው የሚያሳየውን ኮምፒውተሩ አስልቶ ነው የሚሰጠው። እንዲህ ያለውን ዓይን ዓይኑን እያዩ መጨነቅ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

ሜካኒካሉም ዝቅ ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ እንደሆነ ይታይ፣ ዘይቱ ውስጥ ናፍጣ መኖሩን በላብራቶሪ አስመርምሩ። ከዚያም ካልወጣ ኦይል ፓኑ ይውረድ፤ መኪናውን ግን በራሱ ሞተር ወደ ጋራዥ አትውሰዱት፣ ጎታች ጥሩለት።