ዘር መደርደሪያ ላይም ይሞታል

ስታዲየም አካባቢ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የተሰጠውን የዘር ጥራት ሥልጠና ጨረስኩ። አብዛኛው ሠልጣኝ ከመሥሪያ ቤት የተላከ ባለሙያ ነው፤ መርካቶ የአትክልት ዘር የምሸጥ ነጋዴ፣ ከኪሴ ከፍዬ የገባሁ፣ እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው ቀን አዋጅና መመሪያ ሲነበብ ዋለ። ቡናው ግን ጥሩ ነበር።

ነገሩ የጣመኝ ዘር እንዴት እንደሚያረጅ ሲነሳ ነው። ደረቅ ዘር የሞተ ይመስላል እንጂ ሽሉ በሕይወት አለ፤ በዝግታ ይተነፍሳል፣ እያደርም ይደክማል። እርጥበትና ሙቀት ሲበዙበት ቶሎ ያረጃል። ሃሪንግተን የተባለ ተመራማሪ ባስቀመጠው ግምት የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ፣ ወይም የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ፣ ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የጂን ባንክ፣ የዕፅዋት ዝርያ ዘር ለረጅም ዘመን የሚጠበቅበት ቦታ፣ ዘሩን በደንብ አድርቆ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ የሚያኖረው ለዚህ ነው።

እኔ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው የማኖረው። ክረምት ግድግዳው ያልበዋል፤ በጋ እኩለ ቀን ላይ የላይኛው መደርደሪያ እጅ ያቃጥላል። የሽንኩርት ዘር ከአትክልት ሁሉ ዕድሜያቸው አጭር ከሆኑት ነው። ጣሳው እስከታሸገ ድረስ የአየር እርጥበት አይገባበትም። ተከፍቶ በፌስታል እየተመዘነ መሸጥ ሲጀምር ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ሳይደርቅ የታሸገ ዘር ደግሞ የባሰ ነው፤ እርጥበቱን አብሮ ይዞ ይታፈናል። ገበሬው መሬቱን ይወቅሳል፣ ዝናቡን ይወቅሳል፤ ዘሩ ግን ምናልባት መርካቶ ሳለ ሞቷል።

ከዘሩ ስንት በመቶ እንደሚበቅል የሚለካበት የብቅለት ምርመራ ቀን አዳራሹ በክርክር ሞቀ። ደንቡ 400 ዘር ነው፣ መቶ መቶ ተደርጎ፣ በረጠበ ወረቀት ላይ፤ ለሽንኩርት የመጀመሪያው ቆጠራ በ6ኛው፣ የመጨረሻው በ12ኛው ቀን። አሠልጣኟ ቀድማ ያበቀለችውን ይዛ መጣች። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ነጭ ሥር ያወጣውን ሁሉ ሲቆጥሩ፣ «ጉልበቱን ያሳዩኝ» አለቻቸው። ጤነኛ የሽንኩርት ቡቃያ ገና ሲወጣ እንደ ጉልበት ጥርት ብሎ ይታጠፋል፤ ያ እጥፋት የሌለው፣ ሥሩ ደንዝዞ የቀረው፣ ከቁጥር አይገባም። ጋሼ «በቅሏል እኮ!» ብለው እስከ ምሳ አልተረቱም። ልክ እሳቸውን የሚመስሉ ሻጮች ስንት እንደሆኑ እኔ አውቃለሁ።

ሱቅ ስመለስ መጀመሪያ የላይኛውን መደርደሪያ አነሳሁ። ከዚያ ለአቅራቢዬ ደወልኩና ዘሩ የተመረመረበትን ቀንና የብቅለቱን መጠን ጠየቅሁት። ጣሳው ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን አነበበልኝ። እሱን አይደለም የጠየቅሁት፤ መቼ ተመረመረ፣ ስንት በመቶ በቀለ? ትንሽ ዝም አለና፣ «እትዬ፣ ዋጋው ላይ እንነጋገር» አለኝ።