ውሃው የት ገባ?

ለገና አገር ቤት ገብቼ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ስላላቸው ከአባታቸው ጋር እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ቀሩ። ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ደርሼ ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ነው። «ቦይለሩ ጠፋ» አለኝ። ሙቅ ውሃ የለም፣ ሂቲንጉም (የቤት ማሞቂያው) አይሠራም። አነጋገሩ ደግሞ እኔ ሆን ብዬ አጥፍቼበት የመጣሁ ነው የሚያስመስለው።

እኛ ቤት የቦይለሩ ጉዳይ የኔ ነው። ራዲያተር የሚሉትን የየክፍሉን ማሞቂያ ብረት የማስተነፍሰውም፣ የቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) ባትሪ የምቀይረውም እኔ ነኝ። እሱ አውቶብስ ይነዳል፤ የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን ይነግራችኋል፣ ቦይለሩ ያለበትን ቁምሳጥን ግን ከፍቶ አያውቅም።

ደብረ ብርሃንም ብርድ ነው። ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ግን ረፋዱ ላይ ፀሐይ ትወጣና ደጅ ቁጭ ብላችሁ ትሞቃላችሁ፣ አጥንታችሁ ይፈታታል። የሊድስ የጥር ፀሐይ ከወጣችም ለፎቶ ነው የምትወጣው። ሂቲንግ ከሌለ ቤቱ ውስጥ ካፖርት ለብሶ መቀመጥ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። እንግሊዝ አገር አብዛኛው ቤት የሚሞቀው በጋዝ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሳጥን አለ፣ ኮምቢ ቦይለር ይሉታል። ሁለት ሥራ ይሠራል። የሙቅ ውሃ ቧንቧ ስትከፍቱ ውሃውን እዚያው በዚያው ያሞቃል፤ አገር ቤት በምናውቀው በኤሌክትሪክ በሚሠራው ቦይለር ላይ ያለው ዓይነት ውሃ የሚጠራቀምበት ጋን የለውም። ሌላው ሥራው ሂቲንጉ ነው። የሞቀ ውሃ በፓምፕ እየተገፋ በየክፍሉ ባሉት ራዲያተሮች ውስጥ ይዞራል፣ ሙቀቱን እዚያ ይተውና ቀዝቅዞ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞቃል፣ እንደገና ይዞራል። የሚዞረው ያው አንዱ ውሃ ነው። አይጠጣም፣ አይቀዳም፣ ከምንታጠብበት ውሃ ጋር አይገናኝም።

ይህን ለእናቴና ለቡና ለመጡት ጎረቤቶች ሳስረዳ አንዷ እትዬ «ታዲያ እሳቱን ማነው የሚያነደው?» አሉኝ። ራሱ ይነዳል አልኳቸው። ወደ እናቴ ዞረው «ራሱ ይነዳል ትላለች፣ መልሳ ጠፋ ትላለች» አሉ። ምን ይመለሳል።

በስልክ መጠየቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ፣ ጋዝ አለ ወይ? የኛ ምድጃ በጋዝ ስለሆነ ለኩሰው አልኩት፣ በራ። ጋዝ በካርድ እየሞላችሁ የምትጠቀሙ ሰዎች ከሁሉ በፊት ቆጣሪውን እዩ። ኢንጂነር ተጠርቶ ካርዱ ባዶ ሆኖ የተገኘበት ቤት አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም። ቀጥሎ መብራት፤ የቦይለሩ መስኮት ላይ ቁጥር ይታያል ወይስ ጨልሟል? ይታያል፣ የብልሽት ኮድ ነው። ከዚያ ደግሞ፣ ያቆመው ሁለቱም ነው ወይስ አንዱ? ይህቺ ጥያቄ ብዙ ድካም ትቀንሳለች። ሙቅ ውሃ እየመጣ ራዲያተሩ ብቻ ከቀዘቀዘ፣ ወይም ሂቲንጉ ጠፍቶ ሳለ ሻወር ስትከፍቱ ራዲያተሩ አብሮ ከሞቀ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ውሃውን ወዲህና ወዲያ የሚያከፋፍለው ዳይቨርተር ቫልቭ የሚሉት ነው። የኛ ግን ሁለቱም ቀጥ ብሏል።

አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጁ ደግሞ «ቱቦው በረዶ ይዞ ይሆናል፣ የፈላ ውሃ ድፋበት» ብሎታል። ግማሹ እውነት ነው። የአሁኖቹ ቦይለሮች ጭሳቸውን አቀዝቅዘው ውሃ ያንጠባጥባሉ፤ ያ ውሃ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ብርዱ ሲከፋ ቱቦው ውስጥ በረዶ ይሠራና ቦይለሩን ያቆመዋል። ግን ያኔ ቦይለሩ ጉርጉር ይላል፣ መድኃኒቱም ለብ ያለ ውሃ እንጂ የፈላ አይደለም፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ደግሞም ሊድስ ያን ሰሞን ደመና ብቻ ነበር፤ ዝናብም የለ፣ በረዶም የለ።

በመጨረሻ ጌጁን (የውሃውን ግፊት መለኪያ) አሳየኝ አልኩት። መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል። ቦይለሩ ቀዝቃዛ ሳለ መሆን ያለበት ከ1 እስከ 1.5 ባር ነው። ግፊቱ ከወረደ ቦይለሩ ውሃ ሳይኖረው እንዳይነድ ራሱን ያጠፋል። ከሥሩ የሽቦ ሹራብ የለበሰች ቱቦ አለች፣ ፊሊንግ ሉፕ ይሏታል። ሁለቱን ቫልቮቿን ቀስ ብሎ ከፈተ፣ ውሃው ሽሽሽ እያለ ገባ፣ 1.3 ላይ ሲደርስ ዘጋ። ሪሴቱን (ዳግም ማስነሻውን) ሲጫን ተነሳ። ልጆቹ እልል አሉ። እኔም ከሩቅ ሆኜ ጀግና ሆንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ዜሮ። ሞላ፣ ሠራ። በማግስቱም ዜሮ።

ብዙ ሐበሻ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። በየጠዋቱ ውሃ እየሞላ ክረምቱን የሚገፋ ስንት ቤት አለ! አከራዩን ላለማስቀየም፣ ወይም ኪራይ ይጨምሩብናል በሚል ፍርሃት፣ ወይም ደግሞ ጉዳዩን በእንግሊዝኛ ማስረዳቱ ስለሚታክት። እኔ ሊክ (ውሃ የሚያፈስ ቦታ) አለ ብዬ ነው የጠረጠርኩት። ሶፍት እየቀደድክ በየራዲያተሩ ቫልቭ ሥር አንጥፍ፣ ጣሪያው ላይ ቡናማ ክብ ካለ እይ አልኩት። ሶፍቱ ሁሉ ደረቅ።

ማታ አጎቴ መጡ። ጋሽዬ ነው የምንላቸው። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ቦይለር ክፍል ውስጥ ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት፤ በእንፋሎት ጉዳይ ከሳቸው ጋር የሚከራከር የለም፣ በሌላ ጉዳይም ብዙ የለም። ጋቢያቸውን ደርበው አረቄያቸውን ይዘው ከባለቤቴ ጋር ስንነታረክ ሲሰሙ ቆዩና «ውሃው የት ገባ?» አሉ።

«ጋሽዬ፣ ይሄኮ የፋብሪካ አይደለም፣ ትንሽዬ ነው።»

«ትንሽም ይሁን ትልቅ። የዘጋሽበት ውሃ ከጎደለ የወጣበት አለ። ሞልቶ መተኛት ምን የሚሉት ሥራ ነው?»

ስልኩን ተቀበሉኝ። ባለቤቴ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንዴት አመሹ» ብሎ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ልጄ፣ ሲሞቅ መርፌው ስንት ይደርሳል?» አሉት። ሲጠፋ እንጂ ሲሞቅ ጌጅ የሚያይ ሰው የለም። «አብራውና እዚያው ቁም» አሉት። በቪዲዮ አብረን ቆምን። እናቴ ቆሎውን ይዛ መጣች። ራዲያተሮቹ እየሞቁ ሲሄዱ መርፌው ተነሳ፣ 2ን አለፈ፣ 2.5 ሆነ፣ 3 አጠገብ ደረሰ። «በቃ፣ አጥፋ» አሉ ጋሽዬ። «ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ አለው?»

አለው። ከቦይለሩ ተነስቶ ግድግዳውን በስቶ የሚወጣ፣ ጫፉ መልሶ ወደ ግድግዳው የታጠፈ ቀጭን የመዳብ ቱቦ። ባለቤቴ ባትሪ ይዞ በነጠላ ጫማ ወጣ። ከቱቦው ሥር ግድግዳው ርሷል፣ ዝናብ ሳይኖር። ባልዲ ከሥሩ አድርጎ፣ ውሃው ትኩስ ስለሆነ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ትልቋ ልጃችን ከውስጥ እንድታበራው አደረገ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ ወረደ። ጋሽዬ አንድ ጊዜ ፉት አሉና ወደ ቆሏቸው ተመለሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚሰፋበት ቦታ ካጣ ግፊቱ ይጨምራል። ለዚህ ተብሎ ኤክስፓንሽን ቬሰል የሚባል የብረት ዕቃ ተሠርቶለታል፤ መሐሉን በጎማ ተከፍሎ በአንድ ወገን አየር፣ በሌላው ወገን ውሃ ይይዛል። ውሃው ሲሰፋ ጎማውን ገፍቶ አየሩን ያምቀዋል፣ ሲቀዘቅዝ አየሩ መልሶ ይገፋዋል። አየሩ ካለቀ ወይም ጎማው ከተቀደደ ግን የተነፈሰ የብስክሌት ካላማዳሪ በሉት፣ ምንም አይችልም። ግፊቱ 3 ባር ሲደርስ የደኅንነት ቫልቩ ይከፈትና ውሃውን ወደ ደጅ ያፈሰዋል። ቫልቩ ተበላሽቶ አይደለም፣ ሥራው ነው፤ እሱ ባይኖር ነው መፍራት። ከዚያ ሌሊት ቤቱ ሲቀዘቅዝ የተረፈው ውሃ ይኮማተራል፣ መርፌውም ዜሮ ይገባል። ጠዋት እኛ እንሞላለን፣ ማታ እሱ ይደፋል። ሲሞቅ ወደ 3፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ዜሮ የሚል ጌጅ ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ጋሽዬ በጣም የተናደዱት ግን በየጠዋቱ መሙላቱ ላይ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ወደ ቦይለር የሚገባ ውሃ ዝም ብሎ አይገባም፣ ታክሞ ነው የሚገባው። አዲስ ውሃ ኦክሲጅን ይዞ ይገባል፣ ኦክሲጅኑ ብረቱን ይበላል። ሲዞር የቆየው ውሃ ኦክሲጅኑ ስላለቀበት ብዙም አይጎዳም። በየቀኑ አዲስ ከጨመራችሁበት ግን ዝገቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ራዲያተሩ ሥር ይተኛል። ራዲያተራችሁ ከላይ ሞቆ ከታች ከቀዘቀዘ ያ ጭቃ ነው። ከታች ሞቆ ከላይ ከቀዘቀዘ ደግሞ አየር ነው፣ እሱ ቀላል ነው፤ ሂቲንጉን አጥፍታችሁ በትንሿ ቁልፍ ጫፉ ላይ ያለችውን ትፈቱና አየሩ ወጥቶ ውሃ ሲመጣ ትዘጋላችሁ፣ ከዚያ ጌጁን ታያላችሁ።

ከዚያ በኋላ ጋሽዬ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን እንዲያሳያቸው ፈለጉ። እዚህ ላይ እምቢ አልኩ። እንግሊዝ አገር የጋዝ ዕቃ ውስጥ እጁን እንዲያስገባ የተፈቀደለት ጋዝ ሴፍ የሚባለው መዝገብ ላይ ያለ ባለሙያ ብቻ ነው፣ ሕግ ነው። ሕጉ ባይኖርም አልፈቅድም ነበር። ክዳኑ በደንብ ካልተመለሰ ወይም ጋዙ በደንብ ካልነደደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ይገባል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ በቃ።

ይህን ሳወራ እናቴ የከሰል ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት እያስገባች ነው! «ጭሱ እስኪያልቅ ደጅ አቆይቼዋለሁ፣ ፍም ሆኗል» አለችኝ። የሚገድለው ጭሱ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ጭስ ያስነጥሳል፣ ያባርራል። የቀላ ፍምም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። በር ዘግተው ከሰል ይዘው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎችን መርዶ እኛ አገር ያልሰማ የለም፤ እዚያ ለቦይለር የምንፈራውን ነገር እዚህ በእጃችን አንስተን አልጋችን ሥር እናስቀምጠዋለን። ተጣላን። ማንደጃው ወጣ፣ በምትኩ ሁለት ባና ደረበች። ስመለስ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ እልክላታለሁ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ነገር ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ቦይለር ባለበት ክፍል አከራይ ይህን የማስገባት ግዴታ አለበት፤ ቤታችሁ ከሌለ ጠይቁ።

ቤቱን የሚያከራየን ኤጀንት መጀመሪያ ላይ ለባለቤቴ የሰጠው መልስ «ግፊቱን ሙሉት» የሚል ነበር። የሞላነውማ ሞልተናል። ስለዚህ ጋሽዬ ያሉትን በጽሑፍ ላከለት፤ ቦይለሩ ሲሞቅ 3 ባር፣ ሲቀዘቅዝ ዜሮ፣ በውጭው ቱቦ ውሃ ይወርዳል፣ ቪዲዮው ይኸው፣ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። እንዲህ ተዘርዝሮ ሲጻፍ መልሱ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ መሠረት እንግሊዝ ውስጥ የሂቲንግና የሙቅ ውሃ መሣሪያውን የማሠራት ኃላፊነት የአከራዩ ነው። ከኪሳችሁ እየከፈላችሁ በድብቅ የምታሠሩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ።

ኢንጂነሩ መጣ። የቦይለሩን ግፊት አውርዶ የቬሰሉን ቫልቭ ሲጫን አየር መውጣት ሲገባው ውሃ ወጣ። ጎማው ተቀድዷል ማለት ነው፤ አየር ብቻ ቢሆን ያለቀው በፓምፕ ተነፍቶ ያልቅ ነበር። ቬሰሉን ቀየረ፣ የደኅንነት ቫልቩንም ቀየረ፤ እየተደጋገመ የተከፈተ ቫልቭ ቆሻሻ ይይዝና በደንብ አይዘጋም አለ። አሁን ቀዝቃዛ ሲሆን 1.2፣ ሲሞቅ 2 አይሞላም። ባለቤቴ ሳልጠይቀው በየማለዳው የጌጁን ፎቶ ይልክልኛል።

ለጋሽዬ ነገርኳቸው። ዕቃው ሙሉ በሙሉ እንደተቀየረ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«አሮጌውን ጣለው?»

«አዎ ጋሽዬ።»

«ብረቱ ደኅና ሆኖ ሳለ? ጎማውን ብቻ መለወጥ ነበር እንጂ!» አሉና፣ እስከ ማታ ድረስ ስለ ፈረንጅ አባካኝነት ሰማን።