ፊት የሌላት ሥዕል

የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የቨርጂኒያ ዉልፍን ልብ ወለድ፣ «ቱ ዘ ላይትሃውስ»ን፣ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ጥየዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ያቆምኩት ሃምሳኛው ገጽ አካባቢ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ ነገ በጀልባ ወደ መብራት ግንቡ መሄድ ይፈልጋል። እናቱ «አየሩ ጥሩ ከሆነ» ትለዋለች። አባቱ «ጥሩ አይሆንም» ይላል። በቃ። እኔ ደግሞ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያልኩ ያደግኩ አንባቢ ነኝ።

በየወሩ የምንገናኝ አሥራ ምናምን ሰዎች ነን። አንዱ ያነበበውን ያቀርባል፣ ሌላው ይተቻል፣ ቡና ይጠጣል። ተራዬ ሲደርስ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ቨርጂኒያ ዉልፍ እና ሥዕል፣ ቲያትርም ጭምር» አልኩ። ጨርሼው የማላውቀውን መጽሐፍ! ለማቅረብ ስድስት ሳምንት ነበረኝ።

ያዳነኝ የጨው ዕቃ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሊሊ ብሪስኮ የምትባል ሠዓሊ አለች። እራት ላይ ተቀምጣለች፣ ፊት ለፊቷ ደግሞ ሴት መሳልም መጻፍም አትችልም ብሎ የሚያምን ወጣት አለ። እሷ ግን ሐሳቧ ጅምር ሥዕሏ ላይ ነው። ድንገት ዛፉን ወደ መሀል ማምጣት እንዳለባት ይገባታል። እንዳትረሳው የጨው ዕቃውን ታነሳና የጠረጴዛ ልብሱ ላይ ካለች አበባ ላይ ታስቀምጠዋለች። ይኼን ሳነብ እኔም ቁርስ ላይ ነበርኩ። የሻይ ብርጭቆዬን ገፋ አደረግኩት፣ ቆይቼ መለስኩት፣ እንደገና ገፋሁት። ሞኝነት ይመስላል፣ ግን ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ይቺ ሴትዮ ታሪክ እየነገረችኝ ሳይሆን ዕቃ እያስቀመጠች ነው። መጠየቅ የነበረብኝ «ምን ተፈጠረ» ብዬ ሳይሆን «ይኼ ለምን እዚህ ተቀመጠ» ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በእርሳስ ነው ያነበብኩት። ዉልፍ ራሷ ልብ ወለዱን ስታቅድ ማስታወሻዋ ላይ ሁለት ብሎኮችን ስላ መሀላቸውን በኮሪደር አገናኝታለች። እኔም ያንኑ ደብተሬ ላይ ሳልኩና በየምዕራፉ ሞላሁት። አንደኛው ብሎክ አንድ ከሰዓትና አንድ ምሽት ነው። ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ የመጣ አንድ ጠዋት ነው። ኮሪደሩ ደግሞ አሥር ዓመት ነው፣ ባዶ ቤት፣ አቧራ፣ ጦርነት። የእናትየዋ ሞት እዚያ ኮሪደር ውስጥ፣ በቅንፍ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚነገረው። ዘልየው ሄጄ ከሦስት ገጽ በኋላ «ቆይ፣ ሞተች እንዴ?» ብዬ ተመለስኩ።

ለካ ይኼን ለወዳጇ ለሥዕል ሐያሲው ለሮጀር ፍራይ ነግራዋለች። መብራት ግንቡ ምንን ይወክላል ለሚለው ጉዳይ በ1927 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ስትጽፍለት፣ ምንም ለማለት አልፈለግኩም፣ መጽሐፉን አጣምሮ የሚይዝ መስመር በመሀሉ ማለፍ ነበረበት ነው ያለችው። ሊሊም መጨረሻ ላይ ሥዕሏን የምትጨርሰው ሸራው መሀል አንድ መስመር አስምራ ነው። እኔ ስንት ሰዓት ነው «የመብራት ግንቡ ትርጉም» እያልኩ ያባከንኩት!

ፍራይ ማለት ኅዳር 1910 ላይ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ለንደን ግራፍተን ጋለሪ ውስጥ የሴዛንን፣ የቫን ጎግንና የጎጋንን ሥዕሎች ሰቅሎ ብዙ ሰው የሳቀበት ሰውዬ ነው። ዉልፍ በኋላ «በዲሴምበር 1910 ገደማ የሰው ጠባይ ተለወጠ» ያለችው ያንን ጊዜ ነው። ታላቅ እህቷ ቫኔሳ ቤል ሠዓሊ ናት። የዉልፍን መጻሕፍት ሽፋን የምትሠራውም እሷ ነበረች። ዉልፍና ባሏ ሌናርድ በ1917 የእጅ ማተሚያ ገዝተው መመገቢያ ክፍላቸው ውስጥ ተከሉት። ፊደል የምትለቅመው እሷ ነበረች፣ የሌናርድ እጅ ይንቀጠቀጥ ስለነበር። በ1919 «ኪው ጋርደንስ» የምትባለውን አጭር ታሪክ በቫኔሳ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስጊጠው አወጡ። ቫኔሳ ግን በኅትመቱ ጥራት ተናዳ ከእህቷ ጋር ተጣላች። ይኼን ሳነብ ደስ አለኝ፣ እህትማማቾች የትም አገር ያው ናቸው።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ 43 ሥዕል ሰበሰብኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይኼ ነው። በ40 ደቂቃ 43 ሥዕል ማለት ሠርግ ላይ የፎቶ አልበም እንደማገላበጥ ነው፣ ማንም ምንም አያይም።

ቀኑ ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ መጋረጃ የሌለው ክፍል፣ የተዋስኩት ፕሮጀክተር፣ አምፖሉ የደከመ። ግድግዳው ላይ ከሥዕል ይልቅ ጭጋግ ነው የሚታየው። አንዷ ጓደኛችን ነጠላዋን አውልቃ መስኮቱ ላይ ሰቀለችልኝ። ትንሽ ተሻለ። አሥራ ሁለተኛው ሥዕል ላይ ስደርስ፣ ቫኔሳ በ1912 በመዝናኛ ወንበር ላይ የተቀመጠች እህቷን የሳለችበት ነው፣ ከኋላ «ፊቷ ጠፍቷል፣ አስተካክለው!» የሚል ድምፅ መጣ። ሌንሱን አሽከረከርኩ። «አሁንም የለም!» ሌላው ተነስቶ ኬብሉን ነካካ። እኔም ለአፍታ ተጠራጥሬ ኮምፒውተሬን አየሁ።

ፊት የላትም። ቫኔሳ አልሳለችውም። ባርኔጣው አለ፣ የተቀመጠችበት አኳኋን አለ፣ ፊቷ ላይ ግን አፍንጫም አፍም ዓይንም የለም።

«ታዲያ እሷ መሆኗ በምን ይታወቃል?» አለች ነጠላዋን የሰጠችኝ። ለዚህ መልስ አላዘጋጀሁም ነበር። መጽሐፉን ከፍቼ ሊሊ እናትየዋን ልጇን አቅፋ ስታነብ በሐምራዊ ሦስት ማዕዘን የሳለችበትን ቦታ አነበብኩላቸው። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ በሰንጢው እጀታ ሸራውን መታ መታ አድርጎ «ይኼ ምንድን ነው?» ይላታል። እናትና ልጅ ናቸው። ማንም የሰው ቅርጽ ነው ብሎ እንደማይገምት እሷም ታውቃለች። እዚህ ላይ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጣልቃ ገቡ። «የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሰይጣንን በአንድ ዓይን የሚስለው እኮ ሁለተኛውን መሳል አቅቶት አይደለም» አሉ። ከዚያ በኋላ 31 ሥዕል ቀርቶኝ ነበር። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ከተዘጋ በኋላ ነው ጨዋታው የደመቀው። የፕሮጀክተሩ ነገር ሲያስቃቸው፣ ዉልፍ በ1926 ስለ ሲኒማ የጻፈችውን ነገርኳቸው። «ዶክተር ካሊጋሪ» የሚባለውን የጀርመን ፊልም ስታይ እስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ ጭራ ያለው የእንቁራሪት ግልገል የመሰለ ጥላ ብቅ ይላል። ያብጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ድንገተኛ ነገር ነው፣ ከፊልሙ አይደለም። ግን ተዋናዮቹ «ፈራሁ» ከሚሉት ይልቅ ፍርሃትን ያሳየኝ ያ ጥላ ነው አለች። እንግዲህ እኔ ለተበላሸ ፕሮጀክተር ይቅርታ ስጠይቅ ነበር የዋልኩት።

ወደ ቲያትሩ ስሻገር ሆን ብዬ የዘለልኩት ነገር ነበር፣ ሁለተኛው ስህተቴ። ስለ እናቷ አክስት፣ ስለ ፎቶ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የጻፈችውን አስቂኝ ተውኔት፣ «ፍሬሽዋተር»ን፣ በ1935 በቫኔሳ ስቱዲዮ ቤተሰብና ወዳጅ እንደተጫወተው አወራሁ። ቫኔሳ ካሜሮንን፣ ሌናርድ የካሜሮንን ባል ሆነው ነው የሠሩት። ከሞተች በኋላ በ1941 የወጣውን የመጨረሻ ልብ ወለዷንም አነሳሁ። እዚያ አንዲት ደራሲ መንደርተኛውን ሰብስባ ቲያትር ታሳያለች፣ ግራሞፎኑ ቸፍ ቸፍ ይላል፣ ድራማው ሊሞትባት ሲል ሜዳው ላይ ያሉት ላሞች ያገሳሉ፣ እነሱ ያድኗታል። መጨረሻ ላይ ተዋናዮቹ መስታወት ይዘው ወጥተው ተመልካቹን ለራሱ ያሳዩታል። ጥሩ እየሄደልኝ ነው ብዬ ሳስብ ጋሼ እጃቸውን አነሱ። «የመርከቡንስ ነገር ለምን አትነግረንም?»

ያውቁታል! የካቲት 7 ቀን 1910፣ በፈረንጆቹ፣ ገና 28 ዓመት የሞላት ቨርጂኒያ ፊቷን አጥቁራ፣ ጢም ለጥፋ፣ የሐበሻ መሳፍንት ነን ካሉ ወጣቶች ጋር «ድሬድኖት» የተባለችውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ ጎበኘች። ልብሱ የመጣው ከቲያትር ልብስ አከራይ ነው። አስተርጓሚ የሆነው ወንድሟ ኤድሪያን ነው፣ በኋላ «ፍሬሽዋተር» ላይም የተጫወተው። «አማርኛው» ደግሞ የተሰባበረ ላቲንና ግሪክ ነበር። የእኛ መዝሙር ስላልተገኘ የዛንዚባርን ተጫወቱላቸው። ዝናብ መጣ፣ ከመሳፍንቱ አንዱ የሆነው የሠዓሊው የደንከን ግራንት ጢም ሊለቅ ደረሰ። ምግብ ሲቀርብ በሃይማኖት አሳበቡ። እውነተኛው ምክንያት ቀለሙ ከከንፈራቸው እንዳይለቅ ነው።

ይኼን ያስቀረሁት አፍሬ ነው። ለሷም፣ ትንሽ ለእኛም። ስናገር ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። «የሚሳቀው በባሕር ኃይሉ ነው» አለ አንዱ። «የተቀባው ግን የኛ ፊት ነው» አለች ሌላዋ። ሁለቱም ልክ ናቸው መሰለኝ። ከመስታወቱ ትዕይንት ቀጥዬ ባነሳው ኖሮ ውይይቱ ሁለት ሰዓት ይሄድ ነበር። አሁን ግን ሰዓት አልቆ ሰው ቦርሳውን እያነሳ ነበር።

ድጋሚ ባቀርብ አምስት ሥዕል ብቻ ይዤ እሄዳለሁ፣ የጨው ዕቃውን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። የሕይወት ታሪኳን፣ በተለይ አሟሟቷን፣ ጭራሽ አልጀምርበትም። ሰው ያንን ከሰማ በኋላ ሌላውን ሁሉ በሐዘን ነው የሚሰማው፣ እሷ ደግሞ እንዴት ቀልደኛ ነበረች።

ሰው ሲበተን ጋሼ ወጣቶቹ መሳፍንት መስለው የተነሱትን ፎቶ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ስልኬ ላይ ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አውርደው ዓይናቸው ሥር አስጠጉት።

«በዚያን ጊዜ እኮ» አሉ፣ «ምኒልክ ታመው ተኝተዋል። አገሩ በጭንቀት ነው። የቷ ናት እሷ?»

«በግራ በኩል፣ የተቀመጠችው።»

ዝም ብለው ቆዩ።

«ጢሙ አምሮባታል» አሉና ስልኩን መለሱልኝ።