ያልተቀየረ ክር

ዝናቡ ካባራ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ሆድ ባሰኝ። ያ ሰው ዛሬም አልደወለም፤ ስለሱ ልጽፍ ነበር። ዓይኔ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው፣ ካልተከፈተ የሰነበተ የቤዝ ጊታር ክር ላይ አረፈና ሐሳቤ አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን ዘንድ ሄደ።

ሰውየው ካልተበጠሰ በቀር ክር አይቀይርም ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1962 የተሠራው ፌንደር ፕሪሲሽን ቤዝ ጊታሩ ላይ የሚያስረው ላ ቤላ የተባለውን ላዩ ልሙጥ የሆነ ወፍራም ክር ነው፤ ቀጭኑ 1.3፣ ወፍራሙ 2.8 ሚሊሜትር ገደማ። ልሙጥ ክር ላብና እድፍ እየጠጣ ሲያረጅ ያ ሽንጥር ሽንጥር የሚለው ድምፁ ይጠፋና «ዱም» የሚለው ብቻ ይቀራል። ድምፁ ሳይንዛዛ እንዲቆረጥ ደግሞ ከቤዙ የብረት ሽፋን ሥር ስፖንጅ ነበረው። (ይህን ሊቀዳ ብሎ ስፖንጁን አጥብቆ የሚወትፍ ሞልቷል። ስፖንጁ ክሩን ዳሰስ ብቻ ማድረግ አለበት፤ አለዚያ ኖታው ራሱ ይታፈናል።)

ክሩ ከቤዙ አንገት ከፍ ብሎ የተወጠረ ስለነበር ሌላ ሰው ሲይዘው ጣቱ ይዝላል። እሱ ግን ዲትሮይት ውስጥ ተማሪ ሳለ የጀመረው ቆመው በሚጫወቱት በትልቁ ቤዝ ነው፤ በጃዝ ክለብ የደነደነ ጣት ይዞ ነው ወደ ኤሌክትሪኩ የመጣው። የሚመታውም በአንዲት ጣት፣ በቀኝ እጁ አመልካች። «መንጠቆዋ» ይሏት ነበር። ባዶውን ክር ነካ ያደርግና፣ እሱ እየጮኸ ሳለ ግራ እጁን ወደ ሌላው ቦታ ያሻግራል። ያ መስመር እንዲያ የሚንከባለለው በዚህ ነው።

ከ1959 ጀምሮ ሞታውን በተባለው የዲትሮይት የሙዚቃ ኩባንያ ውስጥ ቀን ቀን ይቀርጻል፣ ማታ ማታ ጃዝ ይጫወታል። አሜሪካ በሙሉ በእሱ ቤዝ ስትጨፍር ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። የዘፋኙ ማርቪን ጌይ አልበም ሽፋን ላይ የተጻፈለት በ1971 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት!

በ1972 ኩባንያው ወደ ሎስ አንጀለስ ተጠቃልሎ ሄደ፤ እሱም ተከተለ። እዚያ ጆሮው ሁሉ ወደ አዲስ፣ ጥርት ወዳለ ክር ዞሮ ነበር። መጠጡም ነበረ። ነሐሴ 1983 እንደ ፈረንጆቹ፣ በ47 ዓመቱ ሞተ። ያ ቤዝ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተሰርቆበት ነበር።

የሚከነክነኝ ይሄ ነው፦ ያነገሠው ያ አሮጌ ክር፣ ኋላ ሥራ ያሳጣውም እሱው ይሆን? ቢቀይረው ኖሮ ጄመርሰን ይሆን ነበር?

የኔ ቤዝ ላይ ያለው ክር አምስት ዓመት አልፎታል። ጄመርሰንም አልቀየረም እያልኩ ስንፍናዬን ክርስትና አንስቼዋለሁ። የኔው ግን ልሙጥ አይደለም፣ ሻካራው ዓይነት ነው፤ እሱ ደግሞ ሲያረጅ ይሞታል እንጂ አይበስልም። ነገ እቀይረዋለሁ። ለነገሩ ፒንሳው የት እንደገባ እንጃ።