ሮዝ ነው ግን ሞተዋል

የምሰራው የጥገኛ ተህዋስያን ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ስራችን ባጭሩ ከቅጠል ከስር ከቅርፊት የወጣ ኤክስትራክት እየወሰድን ሌሽማኒያን ይገላል ወይስ አይገልም ብለን መሞከር ነው። ሌሽማኒያ ያው ካላዛርን የሚያመጣው ነው፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው፣ ካላዛር ሳይታከም ከቀረ ከ100 ታማሚ ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገላል። መድሃኒት የለውም ማለቴ አይደለም፣ አለው፣ ግን ምስራቅ አፍሪካ ላይ ለብዙ ጊዜ ሲሰጥ የኖረው ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን አንድ ላይ ሆነው 17 ቀን በየቀኑ መርፌ ነው፣ ስቲቦግሉኮኔቱ ደግሞ ልብንም ቆሽትንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አንድ ኤክስትራክት እንኳን በስህተት ሲጣል ቀላል ነገር አይደለም፣ እኔ ደግሞ ስጥል ነበር።

አሰራሩ እንዲህ ነው፣ 96 ጉድጓድ ያለው ፕሌት ላይ ጥገኛውን እናደርጋለን፣ ኤክስትራክቱን ከብዙ ወደ ትንሽ እየቀነስን እንጨምርበታለን፣ ኢንኩቤተር ውስጥ ከቆየ በኋላ ሬሳዙሪን የሚባል ሰማያዊ ቀለም ጠብ እናደርጋለን። ህይወት ያለው ህዋስ ቀለሙን ወደ ሮዝ ይቀይረዋል፣ የሞተው ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ስራው ፈጣን ነው፣ ማሽኑ ያነበዋል፣ አንተ ኤክሴል ላይ ትሞላለህ፣ በቃ።

የዛን ቀን አንዱ ኤክስትራክት ከላይ እስከ ታች ሮዝ ሆኖ መጣ፣ ትልቁ ዶዝ ላይ ሳይቀር ሮዝ። "አይሰራም" ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ለልምምድ የመጣች ልጅ ነበረች፣ ፕሌቶቹ ላይ በረኪና ጨምራ እንድትደፋቸው ሰጥቻት ነበር፣ እሷ ግን ከመድፋቷ በፊት ማይክሮስኮፕ ስር ከታ አየቻቸው፣ ማንም እይ አላላትም።

"ጋሼ፣ ይቺን አንዴ ይዩልኝ፣ የሚንቀሳቀስ የለም።"

ከኮምፒውተሩ ቀና ሳልል "ሮዝ ነው እኮ፣ ሮዝ ከሆነ በህይወት አለ ማለት ነው" አልኳት።

"ሮዝ መሆኑን አይቻለሁ፣ ግን ሞተዋል።"

ተነስቼ አየሁ። ሌሽማኒያ በዚህ ደረጃው ቀጭን ጅራት አለው፣ ደህና ከሆነ አንድ ደቂቃ አይረጋም፣ ማይክሮስኮፑ ስር ሲተራመስ ነው የምታየው። መድሃኒት ያልነካው ጉድጓድ ላይ እንደዛው ነበር፣ የኔ "አይሰራም" ያልኩት ላይ ግን ሁሉም ድቡልቡል ብለው ታች ረግተው ነበር፣ ሞተዋል። ታዲያ ሮዙን ማን አመጣው?

ከሰአት ላይ ኤክስትራክቱን፣ ሚዲያውን (ጥገኛው የሚያድግበትን ፈሳሽ) እና ቀለሙን ብቻ፣ ጥገኛ የሚባል ነገር ሳይገባበት፣ ቀላቅለን አስቀመጥን። ሁለት ሰአት ሳይሞላው ሮዝ ሆነ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ብዙ እፅዋት ውስጥ ፖሊፌኖል አለ፣ ኤሌክትሮን የመስጠት ባህሪ ያለው ነገር ነው፣ ለቀለሙ ኤሌክትሮን ከህያው ህዋስ መጣ ከቅጠል መጣ ለውጥ የለውም፣ ከማንም ይሁን ሮዝ ይሆናል። እኔ ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ) ብዬ ጥገኛ ብቻ ያለበት ነበረኝ፣ ሌሽማኒያን እንደሚገል የታወቀው መድሃኒት አምፎተሪሲን ቢ ያለበት ነበረኝ፣ ማሟሚያው ዲኤምኤስኦ ብቻ ያለበት ነበረኝ፣ ኤክስትራክት ብቻ ያለበት ግን አልነበረኝም። ጉድጓድ ለመቆጠብ ብዬ ነው የተውኩት። እንዲህ አይነት ችግር እንዳለ አንብቤም አውቅ ነበር፣ እሱ ነው በጣም ያሳዘነኝ።

ለአለቃችን ስነግረው ምንም ሳይቆጣ "ስንት ወር ሆኖታል?" ብቻ አለኝ። 7 ወር።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የወባ መድሃኒቱ የአርቴሚሲኒን ታሪክ ትዝ አለኝ፣ የቻይናዊቷ ተመራማሪ የቱ ዩዩ ቡድን መድሃኒቱ የሚወጣበትን ተክል ሲሞክሩ ውጤቱ አንዴ ጥሩ አንዴ ደካማ እየሆነ ሲያስቸግራቸው ነበር፣ ለካ ሙቀቱ ነው የሚያበላሸው፣ በኤተር በዝቅተኛ ሙቀት ሲያወጡት እ.ኤ.አ. በ1971 ጥቅምት ላይ ቁጥር 191 የተባለው ናሙና አይጥ ላይ የነበረውን የወባ ጥገኛ ሙሉ በሙሉ አጠፋው። ተክሉ ያው ተክል ነው፣ ችግሩ አሰራሩ ጋ ነበር። እነሱ ተመልሰው ባያዩትስ ኖሮ እያልኩ ነው የነጋልኝ።

ከዛ "አይሰራም" ካልኳቸው ውስጥ ኤክስትራክታቸው የተረፈውን ሁሉ እንደገና ጀመርን፣ በዚህኛው ዙር ከቀለሙ ጎን በማይክሮስኮፕ እየቆጠርን። አብዛኞቹ እውነትም የማይሰሩ ናቸው፣ አራቱ ግን ይገላሉ። ልጅቷ ያገኘችውን ቱቦ ውስጥ ስነቀንቀው አረፋ በአረፋ ሆነ፣ ሳፖኒን (እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ የእፅዋት ንጥረ ነገር) ሳይኖርበት አይቀርም ብዬ ጠረጠርኩ፣ ማክሮፋጅ (ሰውነትን የሚከላከሉ ህዋሳት) ላይ ስንሞክረው እነሱንም ጨረሳቸው። ሳፖኒን የህዋስ ሽፋን ነው የሚበሳው፣ የማንን ሽፋን ብሎ አይመርጥም። እንዶድም ሃይሉ ከዛው ነው፣ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት በታች የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት፣ ውሃ ውስጥ ላለ ቀንድ አውጣ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰው ደም ውስጥ ለሚገባ መድሃኒት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። (እሳቸውም ያገኙት ወንዙን በአይናቸው አይተው ነው እኮ።) ከአራቱ ሶስቱ እንዲሁ ሆኑ። አንዱ ጥገኛውን በሚገልበት መጠን ማክሮፋጁን አልነካም፣ እሱን አሁን በኮለም (ውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች በሚለይ ቱቦ) እየከፋፈልነው ነው፣ ገና ማክሮፋጅ ውስጥ ገብቶ የተደበቀውን ሌሽማኒያ ላይ አልሞከርነውም፣ ሰው ውስጥ ያለው ደግሞ እሱ ነው።

አሁን ፕሌቱ ላይ የመጨረሻው ረድፍ ሁሌም የኤክስትራክት ብቻ ነው፣ ማይክሮስኮፕ ያልታየ ፕሌት ላይም በረኪና አይፈስም። "አይሰራም" ካልኳቸው ውስጥ ስድስቱ ግን ኤክስትራክታቸው አልቋል፣ ቱቦው ባዶ ነው። ኤክሴሉ ላይ "አይሰራም" የሚለውን አጥፍቼ "አልተሞከረም" ብዬ ጽፌባቸዋለሁ፣ ቅጠላቸው እንደገና እስኪለቀም እየጠበቅን ነው።